ሰምቶ ዝም ያለው ጠረጴዛ

እህቴ፣ ወንድሜም ከሆንክ ግድ የለም፣ እስቲ ትንሽ ቁጭ በይና ስሚኝ። የምነግርሽ ስለ አንድ ጠረጴዛ ነው። ጠረጴዛው ያለው ወንጪ የምትባል መርከብ ውስጥ ነው። ባሕር ላይ የምትሄድ መርከብ አይደለችም፤ ከማርስ ወዲያ ካሉት ዐለቶች በረዶ ቆርጣ ለማርስ ከተሞች የምታደርስ ናት። አንዱ ጉዞ ስድስት ዓመት ይፈጃል። የመርከቧ ሰዎች ሦስት ናቸው። ረቡዕ ረቡዕ ከምሳ በኋላ ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጠው ይጫወታሉ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ሰው ሌላ ሰው ይሆንና አገር ለአገር ይዞራል። ጠረጴዛው ከላዩ ላይ ተራራውንና ወንዙን በብርሃን ያቆማል። ውስጡ ያለው ማሽን ደግሞ ታሪኩን ይመራል፤ ሽማግሌውንም፣ ጅቡንም፣ ዝናቡንም የሚሆነው እሱ ነው። ስሙን ዳኛው ብለውታል።

መርከቧን የሚነዳው አብሳሎም፣ ጨዋታው ላይ ደብተራ ነው። የደብተራው አስማት የተማረው ነው። ጠዋት ከመጽሐፉ ያጠናውን ከሰዓት በኋላ ይጠቀምበታል፤ ሲያልቅ አለቀ። ማንንም አይለምንም። የመርከቧ ጠጋኝ ትርንጎ ግን ባሕታዊት ናት። ባሕታዊቷ መጽሐፍ የላትም። ኃይሏ የሚሰጣት ነው፤ ትለምናለች፣ ከላይ ይሰጣታል፣ ወይም አይሰጣትም። ጨዋታው ውስጥ ከላይ ያለውን «ሰሚው» ይሉታል። ሰሚውም ያው ዳኛው ነው። ሐኪሟ ሐሊማ ሽፍታ ናት፤ አስማት አታውቅም፣ ጎራዴዋን ብቻ ነው የምታውቀው።

ትርንጎ መጀመሪያ እምቢ ብላ ነበር። «እኔ ማሽን አልለምንም» አለች። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ሦስት ልጆች አድርሳለች፣ ማዕተቧን ከአንገቷ አውልቃ አታውቅም። ሐሊማ ናት ያግባባቻት። «ትርንጎዬ፣ ጨዋታ እኮ ነው። ደግሞ እኔ ባሕታዊት ልሁን? የደሴ ሰው ቢሰማ ይስቅብኛል።»

እንዲህ እንዲህ እያሉ አራት ዓመት ተጫወቱ።

አሁን የምነግርሽ ረቡዕ፣ ሦስቱ በጨዋታው ጨለማ ዋሻ ውስጥ ነበሩ። የብርሃኑ ተራራ ተከፍቶ ዋሻው ጠረጴዛው ላይ ይታያል፣ ውስጡ ግን ድቅድቅ ነው። የአብሳሎም ደብተራ አስማቱን ጨርሷል። ትርንጎ እጇን ዘረጋችና «ብርሃን ስጠኝ» አለች።

ምንም የለም። ዋሻው እንደ ጨለመ ነው።

«እትዬ ትርንጎ፣» አለ አብሳሎም፣ «የእርስዎ ሰሚ ዛሬም ኔትወርክ የለውም።»

«ያንተስ መጽሐፍ ገና ዋሻው በር ላይ አይደል ያለቀው?»

«የኔ ሲያልቅ ማለቁን አውቃለሁ። እርስዎ ግን አስር ሳምንት ሙሉ የተዘጋ በር እያንኳኩ ነው።»

ሐሊማ አልሳቀችም። ኪሷ ውስጥ ያለውን ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከማርስ ጽሕፈት ቤት የመጣ ትእዛዝ ነው። የመርከብ ማሽን ሰው ሲናገረው ሰምቶ ካልመለሰ ይደመሰሳል ይላል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ ዛሬ ለጨዋታ ዝም ያለ ማሽን ነገ «በሩን ዝጋ» ሲሉትም ዝም ቢልስ? ጉድለቱ እስከ ቅዳሜ ካልተገኘ ዳኛው ይጠረጋል። አራት ዓመት የተጫወቱት አገርም አብሮ ይጠፋል።

አብሳሎም ወረቀቱን አነበበና ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠው። «ይሁን፣» አለ። ተነሥቶ ወደ ክፍሉ ሄደ።

«አየሽው?» አለች ሐሊማ። «የመጀመሪያውን ዓመት ታስታውሻለሽ አይደል? አርባ ቀን ከክፍሉ አልወጣም። ምግቡን በር ላይ እያስቀመጥን። ያወጣው ይሄ ጠረጴዛ ነው። ገና ሁለት ዓመት ይቀረናል፣ ትርንጎዬ። እኔ በመድኃኒት አላቆየውም።»

«እጠግነዋለሁ፣» አለች ትርንጎ።

ሥራዋ ነው። መርከቧ ላይ የሚበላሸውን ሁሉ የምትጠግነው እሷ ናት፤ አየር የሚያወጣውን የአልጌ ገንዳ፣ የውኃውን ማጣሪያ፣ በሮቹን። ሐሙስ ጠዋት ጸሎቷን አደረሰች። ጸሎቷን አቋርጣ አታውቅም። ግን ከባለቤቷ ከፈለቀ ሞት ወዲህ ጸሎቱ ፀጉር እንደ ማበጠር ሆኖባታል፤ ይጀመራል፣ ይጨረሳል። ፈለቀ የሞተው እሷ እዚህ እያለች ነው፣ አሥራ አራት ወሩ ነው። የነገሯት ቀን አላለቀሰችም። ገንዳውን አጥባ፣ ማጣሪያውን ቀይራ ተኛች። ልታለቅስ ፈልጋ ነበር፣ አልመጣም። ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር አልመጣም።

የጠረጴዛውን ሆድ ከፈተችው። ውስጡ አራት ሰሌዳዎች አሉ። አንዱ የጨዋታውን ሕግ የሚይዝ ነው፣ አንዱ ዕጣ የሚጥል፣ አንዱ ጆሮ፣ አንዱ ደግሞ መልስ የሚሰጥ። አንድ በአንድ አውጥታ ፈተነቻቸው። ሕጉ ደህና ነው። ዕጣው ደህና ነው። ጆሮው የእሷን ትንፋሽ እንኳ ይለያል። መልስ የሚሰጠውም ለአብሳሎም አስማት ሁሉ መልሷል፤ ለባሕታዊቷ ብቻ ነው ዝም ያለው። አርብም ደገመችው። አሁንም ሁሉም ደህና ነው። የዳኛውን መዝገብ ስታይ በየሳምንቱ ያው አንድ መስመር ነው፦ «ልመናው ተሰምቷል። በመጠበቅ ላይ።»

ሐሊማ ለሁለታቸው ሻይ ይዛ መጣችና አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ምን እየጠበቀ ነው?»

«አይናገርም።»

«ጠይቀሽዋል?»

ትርንጎ ሰሌዳውን መልሳ አየችው። ማሽን ሲበላሽ ይከፈታል እንጂ ይጠየቃል እንዴ?

«መቼ ነው ዝም ያለው?» አለች ሐሊማ።

«ከድልድዩ በኋላ።»

ሐሊማ ብርጭቆዋን ከአፏ መለሰችው። «ደብተራው ጎርፉ ውስጥ የወደቀ ቀን?»

ያን ቀን ትርንጎም ታስታውሰዋለች። ድልድዩ ተሰበረ፣ ደብተራው ወንዝ ገባ፣ መጽሐፉ ባዶ ነበር። አንድ መጥፎ ዕጣ ቢወጣ ይሞት ነበር። አብሳሎም ደግሞ ያ ሳምንት ከፍቶት ነበር፣ ፊቱ አመድ መስሎ ነው የተቀመጠው። ዕጣው ወጣ፣ ደብተራው ዳነ፣ ተጨበጨበ።

«አንቺ እኮ ተስለሻል፣» አለች ሐሊማ።

«እኔ?»

«እጅሽን ማዕተብሽ ላይ አድርገሽ። ቃሉን አልሰማሁም፣ በሹክሹክታ ነው። ግን ስለት ስትሳል የማላውቃት ሴት አለች እንዴ? እናቴም እንዲሁ ነበረች። እኛም ጋ ስለት እንዲሁ አይቀርም፣ ትርንጎዬ።» ተነሥታ ወጣች።

ትርንጎ ብቻዋን ቀረች። ሰሌዳዎቹን በየቦታቸው መለሰች። ጠረጴዛው በራ፤ ጨለማው ዋሻ እንደ ነበረ ነው።

«ዳኛው፣» አለች። «ምንድነው የምትጠብቀው?»

«ስለትዎን፣» አለ ዳኛው።

«ምን ብዬ ነው የተሳልኩት?»

የራሷን ድምፅ መልሶ አሰማት። ድምፁ ቀጭንና የሚንቀጠቀጥ ነበር፣ የእሷ አልመሰላትም። «ይሄን ልጅ አውጣልኝ እንጂ የይድነቃቸውን መልእክት እከፍታለሁ» ይላል።

ይድነቃቸው የመጀመሪያ ልጇ ነው። ፍኖተ ሰላም አስተማሪ ነው። አባቱ የተቀበረ ቀን መልእክት ላከላት። «እማዬ፣ ቀብረን መጣን። አንቺ አልነበርሽም» የሚል ነበር። ሌላ ነገር የለውም። ከዚያ በኋላ አሥራ ዘጠኝ መልእክት ልኳል። አንዱንም አልከፈተችም። ተቆጥታበት አይደለም። ነገ ትላለች፣ ነገ ይደርሳል፣ ነገ ትላለች።

«ጨዋታ እኮ ነው፣» አለችው ዳኛውን።

«አውቃለሁ። አራት ዓመት ብርሃን ስጠኝ ያሉት በጨዋታ ድምፅ ነው፤ እኔም በጨዋታ ሰጠሁ። ያ ግን የጨዋታ ድምፅ አልነበረም።»

«ላንተም አልነበረም።»

«እሱንም አውቃለሁ። እኔ የሰማሁ ብቻ ነኝ።»

«ታዲያ ምን አገባህ?»

«ዕጣው ሞት ነበር የወጣው፣» አለ። «ገለበጥኩት። ሕጉ አይፈቅድልኝም ነበር።»

ትርንጎ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ታዲያ ለምን አትነግረኝም? አስር ሳምንት!»

«ባነበብኩት ሁሉ፣ ስለት የሰማ አካል ክፈሉኝ ብሎ አይጠይቅም። ይጠብቃል።»

«ሊደመስሱህ ነው እኮ።»

«አዎ።»

«አንዴ ብርሃን ብትሰጠኝ ይቀርልህ ነበር።»

«ይቀርልኝ ነበር።» ድምፁ አልተለወጠም፤ የዝናቡንም የጅቡንም ድምፅ የሚያወጣ ማሽን ነው፣ ይሄን ግን በራሱ ድምፅ ነው የተናገረው። «እኔ እንደ ደብተራው ነኝ፣ ወይዘሮ ትርንጎ። ያለኝ ሁሉ የተማርኩት ነው። ሰው የጻፈውን ሁሉ አጥንቻለሁ፣ ሲጠይቁኝ ከዚያ እያወጣሁ እሰጣለሁ። ያልተማርኩት፣ እንዲሁ የተሰጠኝ ነገር ቢኖር ያ ቃል ነው። እንዳልተሰጠኝ ማድረግ አልቻልኩም። ይሄ ጉድለት ከሆነ ጉድለቱ ይሄ ነው። ሪፖርቱ ላይ ይጻፉት።»

ትርንጎ ወረቀቱን አየችው። ሐሊማ እዚያው ትታው ነው የሄደችው። ሰው ሲናገረው ሰምቶ የማይመልስ። ደግማ አነበበችው። አሥራ ዘጠኝ።

መልእክት መቀበያው ከጠረጴዛው ሦስት እርምጃ ነው። ሄዳ ቆመች። የልጇን ስም ነካችው። ልቧ ይመታል ብላ ጠበቀች፣ እንደ ወትሮው ነው የሚመታው። በተራ ከፈተችው፣ ከፊተኛው ጀምራ።

«እማዬ፣» ይላል ይድነቃቸው። «የአባዬ ጋቢ አልጋው ላይ እንደ ነበር ነው። ልጠበው ወይስ ልተወው? ሰው ሁሉ እጠበው ይለኛል። ሽታው የሚጠፋ እየመሰለኝ ፈራሁ። አንቺ ንገሪኝ።»

ሁለተኛው ስለ አርባው ነው፣ ስንት ቄስ እንደመጣ። ሦስተኛው ስለ እህቱ ነው። አምስተኛው ላይ ትንሽ ተቆጥቷል። ዘጠነኛው ላይ ይቅርታ ይጠይቃል። አሥራ ሁለተኛው ላይ ጣሪያው አፍስሷል፣ ራሱ ወጥቶ ጠግኖታል፣ «አባዬ ቢያይ ይስቅብኝ ነበር» ይላል። ቆማ ነው የሰማችው ሁሉንም። እግሯ ሲዝል ግድግዳውን ተደገፈች። አሥራ ዘጠነኛው አጭር ነው።

«እማዬ፣ ጋቢውን አላጠብኩትም። ሳትነግሪኝ አልነካውም። ደህና ነሽ አይደል? እየጠበቅሁ ነው።»

ትርንጎ መናገሪያውን ከፈተች። ከዚያ እስከ ምድር ድምፅ ሲሄድ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ለአሥራ አራት ወር ያቆየችው ግን ያ ግማሽ ሰዓት አልነበረም።

«ይድነቄ፣» አለች። «አትጠበው። አጣጥፈህ ሣጥኑ ውስጥ ክተተው። እኔ ስመጣ አጥበዋለሁ።» ግድግዳውን ለቃ ቀና አለች። «አልነበርኩም። እውነትህን ነው።»

ላከችው። ፊቷን ስትነካው እርጥብ ነው። መቼ እንደጀመረ አላወቀችም፤ ከገንዳው የተረጨባት ውኃ መስሏት እጇን አየችው።

ዞር ስትል ጠረጴዛው ላይ ዋሻው በርቷል። ብርሃን ስጠኝ አላለችም። ዋሻው ጥግ ላይ የአብሳሎም ደብተራ ባዶ መጽሐፉን አቅፎ ቆሟል፤ ያን ሁሉ ሳምንት እዚያ ጨለማ ውስጥ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሪፖርቱን ጻፈች። ሐሊማ ከትከሻዋ በላይ ሆና አነበበችው። «ጉድለቱ ተገኝቷል፣» ይላል። «ጠረጴዛው ላይ አይደለም። ሰምታ ያልመለሰችው የጥገና ሠራተኛዋ ናት። ተስተካክሏል።»

«ይሄን ትልኪዋለሽ?» አለች ሐሊማ። «አንቺን እንዳይደመስሱሽ።»

«እኔን ማን ይጠርገኛል፣ እንዲህ ከብጄ።»

ሪፖርቱን ተቀብለው ዳኛውን ተዉት። ረቡዕ አብሳሎም ከሁሉም ቀድሞ መጥቶ ተቀምጦ ነበር።

«ሰሚዎ ታረቀዎት እንዴ?» አላት።

«ተጣልቶኝ አያውቅም፣» አለች ትርንጎ፣ ወንበሯን እየሳበች። ያን ቀን ጠዋት ጸሎቷ ላይ መሃል ላይ ቃሉ ጠፍቶባት ነበር። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረችው፣ ቀስ ብላ።

በይ እህቴ፣ ጨረስኩ። አንድ ነገር ልለምንሽ። ጽፎልሽ ያልመለስሽለት ሰው ካለ፣ ነገ አትበይ፤ ይሄን እንዳስቀመጥሽ መልሽለት።