የአስራ ሁለት ቁጥር ማውስ

«ጣቴ ነው» አለች ሬዲዮ። ቀኝ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አመልካች ጣቷን የሰው ዕቃ ይመስል ታየዋለች። «አንዴ ልጫን ስል ሁለቴ ይጫናል። እይኝማ።» ጣቷን አነሳችና ጠረጴዛውን ቀስ አድርጋ መታች። አንዴ። ደግማ መታች። አንዴ።

«ደህና ነው እኮ» አለች ጭምቷ።

«አሁንማ ደህና ነው። ፈተና ላይ ነው የሚያብደው።»

ሬዲዮ የሚለው ስም የወጣላት አምስተኛ ክፍል ሳለች ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ወሬ ስለማታቋርጥ። ጭምቷን ደግሞ ጭምቷ ያለቻት ሬዲዮ ራሷ ናት፤ የነገሯት ነገር ከሆዷ አይወጣም ብላ። አሁን ግን ውጤት ከተለጠፈ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ሬዲዮ ስለ ጣቷ ካልሆነ በቀር አፏን አትከፍትም። ከሃምሳ ሃያ ሦስት ነው ያመጣችው። ልዩ የሳይንስ ትምህርት ቤት የሚያስገባው አርባ ነበር። ጭምቷ አርባ አራት አምጥታለች። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ዴስክ ላይ ሲያጠኑ ግን ሂሳብ አስረጂዋ ሬዲዮ ነበረች።

ከመጋረጃው ወዲያ የሬዲዮ እናት የስፌት መኪናቸውን ይረግጣሉ። «አንቺ ልጄ፣ እስቲ አንቺ ምከሪያት» አሉ፣ መኪናውን ሳያቆሙ። «እህል ከቀመሰች ሁለት ቀኗ። ምን ላድርጋት? መቸኮል ተፈጥሮዋ ነው፤ ቁርጥ አባቷን።»

«እሺ እትዬ» አለች ጭምቷ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈተናው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፣ የኮምፒውተር ክፍሉን የማጽዳት ተራ የጭምቷ ነበር። የመቀመጫ ዝርዝሩ በሩ ላይ ተለጥፏል፤ እሷ አስራ አንድ ቁጥር ናት። ሰው ነገ የሚፈተንበትን ኮምፒውተር ዛሬ ቢሞክር ማን ይፈርድበታል? ከፍታ ስትሞክረው፣ ማውሱ አንዴ ጠቅ ስታደርገው ሁለቴ ይቆጥራል። ሁልጊዜ አይደለም፤ ሲያሰኘው ነው። ይህ ደግሞ የዋዛ ነገር አይደለም። ፈተናው ላይ «ቀጣይ» የምትለውን አንዴ ከተጫኑ ወደኋላ መመለስ የለም፤ ሁለቴ ከተቆጠረ አንድ ጥያቄ ሳይታይ ያልፋል።

ሄዳ ለክፍሉ ኃላፊ ነገረች። ቲቸር ከኬብል ክምር ውስጥ ቀና ሳይሉ፣ «መለዋወጫ የለም። ረጋ ብለሽ ተጫኚው» አሏት።

ከመሳቢያ ትንሽ መፍቻ አውጥታ ማውሱን ገለበጠችው። ከሥሩ ያለችውን ብሎን ፈታች፣ ሽፋኑን አነሳች፣ ከግራው መጫኛ ሥር ያለችውን ጥቁር ማብሪያ እፍ አለቻት፣ በጥጥ ጠረገቻት፣ መልሳ ገጠመች። አስር ጊዜ ሞከረችው፤ አስሩንም ጊዜ ደህና ሆነ። አስራ አንደኛው ላይ ወደ ዐመሉ ተመለሰ። እንደገና ፈታችው፤ ያው ነው። የማብሪያዋ ቀጭን ብረት አልቃለች፤ መተካት እንጂ መጠረግ አያድናትም።

ከዚያ ዝርዝሩን አየች። አስራ ሁለት ቁጥር ላይ የተጻፈው ቤተሰቦቿ ከተማ ስለቀየሩ ትምህርት ያቋረጠች ልጅ ስም ነው። ባዶ ወንበር የተበላሸ ማውስ ቢኖረው ማንን ይጎዳል? የሁለቱን ማውሶች ኬብል ነቀለች፣ አቀያየረች፣ መጥረጊያዋን አንስታ ወለሉን ጨረሰች።

ጠዋት ዝርዝሩ ተቀይሮ ጠበቃት። ያቋረጠችው ልጅ ተሰርዛ፣ ከእሷ በታች ያሉት ሁሉ አንድ አንድ ከፍ ብለዋል። አስራ ሦስት የነበረችው ሬዲዮ አስራ ሁለት ላይ ተቀምጣ፣ «ጎን ለጎን ሆንን አይደል፣ ታድለን» ብላ ጠቀሰቻት።

ያኔ መናገር ይቻል ነበር። ግን ፈታኟ በሩ ላይ ቆመው፣ «ዕቃ የነካካ ውጤቱ ይሰረዛል» እያሉ ነው። ጭምቷ አስራ አንድ ላይ ተቀመጠች። ዛሬ ደህና ሊሆን ይችላል ብላ ራሷን ሸነገለች። ብዙም ሳይቆይ ሬዲዮ እጇን አወጣች። «ከስድስት ወደ ስምንት ዘለለብኝ።» ፈታኟ ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ሁለቴ ተጭነሽ ነው፤ ተረጋጊ» አሏት። ትንሽ ቆይታ ደግማ አወጣች፤ መልሱ ያው ነው። ለሦስተኛ ጊዜ አላወጣችም። ጭምቷ የጎረቤቷን የተቆራረጠ ትንፋሽ እየሰማች፣ ዓይኗን ከስክሪኗ ሳትነቅል ሃምሳውንም ጨረሰች። እንዲህ አድርጋ ነው አርባ አራት ያመጣችው።

«ቅሬታ የሚቀበሉት እስከ ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ነው» አለች አሁን።

«ምን ብዬ ነው የማመለክተው? ጣቴ ዐመለኛ ነው ብዬ?» ሬዲዮ ለመሳቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። «ተይው ባክሽ። እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም። ከእማዬ ስፌት እለምድ ይሆናል። ግን እሱም እጅ ይፈልጋል አይደል?» ጠረጴዛውን እንደገና ትመታ ጀመር።

ጭምቷ እጇን ያዘቻት። «ጣትሽ ምንም አልሆነም። ማውሱ ነው።»

«አትቀልጂብኝ።»

«የእኔ ማውስ ነበር። እኔ ነኝ የቀየርኩት። ሰው ይቀመጥበታል ብዬ አልነበረም።»

ሁሉንም ነገረቻት። በሰው ወሬ መሀል ካልገባች የማይሆንላት ሬዲዮ አንዴም አላቋረጠቻትም። ሲያልቅ እጇን ቀስ ብላ ከጭምቷ መዳፍ አወጣች።

«እጄን ሳወጣ ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ሁለቱንም ጊዜ?»

«ሁለቱንም።»

«ትላንት ሳለቅስ አብረሽኝ አለቀስሽ እኮ።»

ብትጮህባት፣ ብትሰድባት ጭምቷ በወደደች። ሬዲዮ ግን ተነስታ፣ መጋረጃውን ገልጣ እናቷ ጎን ሄዳ ተቀመጠች። የስፌት መኪናው ቆመ። «ምነው ልጄ?» ሲሉ ተሰማ።

ወደ ትምህርት ቤቱ የሄደችው ብቻዋን ነው። መንገዱን ሙሉ ሰበብ አላጣችም፦ ቲቸር መለዋወጫ ቢኖራቸው፣ ዝርዝሩን ባይቀይሩት፣ ፈታኟ ማውሱን አንዴ ነካ አድርገው ቢሞክሩት። ሁሉም እውነት ነበር፤ አንዱም አላጽናናትም። አርባ አራቱ ይሰረዛል። አባቷ ደግሞ ለሥራ ባልደረቦቹ ሁሉ አውርቶ ጨርሷል። ሬዲዮን ድጋሚ ይፈትኗት እንደሆነም የሚያውቅ የለም። ቢፈትኗትም ሬዲዮ እንደወትሮው ነገ ጠዋት በር ላይ ቆማ አትጠብቃትም።

የቅሬታ ቢሮው ጸሐፊ ቦርሳቸውን አንግተው በሩን ሊቆልፉ ነበር። «ለአስራ አንድ አምስት ጉዳይ እኮ ነው፤ እስካሁን የት ነበርሽ?» እያሉ ቅጹን ሰጧት። ከዚያ ልብ ብለው አዩዋት። «አንቺማ አልፈሻል። ምን ቅሬታ አለሽ?»

«በጓደኛዬ ፈተና ላይ ነው።»

«እንግዲያው ራሷ ትምጣ። በሰው ስም ቅሬታ አንቀበልም።»

«ቅሬታው በእኔ ላይ ነው» አለች ጭምቷ።

ጸሐፊዋ ቦርሳቸውን አውርደው ወንበራቸው ላይ ተመለሱና እስክሪብቶ አቀበሏት።

ቅጹ ላይ ሁለት መስመር አለ፤ አንዱ «ቅሬታ አቅራቢ»፣ ሌላው «ቅሬታ የቀረበበት»። ጭምቷ ሁለቱም ላይ ሙሉ ስሟን ከነአያቷ ጻፈች። ሁለተኛው አልነበብ ቢላት ሰርዛ አስተካክላ ጻፈችው።