የምስክር ብርጭቆ

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ ግን የምነግራችሁ ከሰው የሰማሁትን አይደለም... በራሴ ጉሮሮ የደረሰውን ነው።

ጊዜው ጠዋት ነው። አራት ሰዓት ገደማ። ፀሐይዋ ሞቅ ብላለች። የአክስቴን በር አንኳኳሁ።

ከፈተችልኝና ከኋላዬ የሆነ ነገር ፈለገች።

«ሻንጣሽስ?»

«የምን ሻንጣ?»

«በስልክ እመጣለሁ አላልሽም እንዴ? አልጋ አንጥፌ ስጠብቅሽ!»

«ለሥራ ማለቴ ነበር እትዬ... ዛሬ የዚህ ሰፈር ተራ ነው።»

ያኔ ነው የለበስኩትን የውሃ ቢሮ ሰደርያ ያየችው። ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ ጥፍት አለ።

«አሃ...» አለች። «መንግሥት ሆነሽ ነው የመጣሽው።»

ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ያን ቀን በር ላይ የቆመችው ግን ግማሿ ብቻ ነበረች። ጉንጮቿ ጎድጉደዋል፤ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል። የቧንቧ ውሃ መጠጣት አቁማ ከጓሮው አሮጌ ጉድጓድ እየቀዳች ስትጠጣ፣ ተቅማጥና ትውከት ጨርሷታል። ያያት ሐኪም ለእኔ ለብቻዬ «በዚህ ውሃ ከቀጠለች አትሰነብትም» ብሎኛል።

የታሸገ ውሃ ገዝቼ ወስጄላት ነበር። «ላስቲኩ ነው እንጂ የተለየው፣ ውሃው ከዚያው ነው» ብላ መለሰችው።

በእርግጥ ሰው ዝም ብሎ አልተጠራጠረም። አምና ውሃው የደፈረሰ ጊዜ ቢሮው «ንጹሕ ነው» ብሎ በሬዲዮ አስነገረ። ሕፃናት ታመሙ። ቆይቶ «ቧንቧ ተሰብሮ ነው» ተባለ፤ ይቅርታ ያለ ግን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ቢሮው «ፀሐይ ወጥታለች» ቢል ሰው ጃንጥላ ይዞ ነው የሚወጣው።

ወሬው ደግሞ በየስልኩ ይዞራል። አንዱ «ሰው የሚያፈዝ ነገር ጨምረውበታል» ይላል። ሌላው «ማንም እንዳይቆጣ የሚያደርግ ነው» ይላል። ሁሉም የሚስማሙበት ግን አንድ ነገር አለ...

«የመንግሥት ሰዎች ራሳቸው አይጠጡትም።»

ለዚህ ነው ቢሮው አዲስ አሠራር ያወጣው። እኛ ውሃ መርማሪዎች እያንዳንዱ ቤት ገብተን፣ ከራሳቸው ቧንቧ፣ በራሳቸው ብርጭቆ ተቀድቶልን፣ ዓይናቸው እያየ እንጠጣለን። «የምስክር ብርጭቆ» እንለዋለን።

እኔ ሰው ፊት ማውራት አልወድም። መጠጣት ግን ወሬ አይፈልግም። ስለዚህ ሥራው ተስማማኝ።

መጀመሪያ ላይ ያስተዋልኩት ትንሽ ነገር ነው።

ስጠጣ ሰዎቹ እኔን አያዩም። ብርጭቆውን ነው የሚያዩት።

አንዲት ሴት ጠጥቼ ያስቀመጥኩትን ብርጭቆ በሁለት እጇ አንስታ፣ ቀስ... ቀስ... እያለች ወደ ጓዳ ወሰደችው። እንዳይፈስባት የምትጠነቀቅ ትመስል ነበር።

ባዶ ብርጭቆ ምኑ ይፈሳል?

አንድ ሽማግሌ ደግሞ እስከ በር ሸኝተውኝ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«አይዞሽ ልጄ» አሉኝ። «የታዘዘ ሰው ምን ያድርግ።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኩም። ዓይነ አፋርነት መጥፎ ነው።

በመኪና የሚያዞረን ሾፌር ቀልደኛ ነው። «ዝምተኛዋ» ነው የሚለኝ።

«ዝምተኛዋ፣ ግመል ነሽ እንዴ?» አለኝ አንድ ቀን። «ስትጠጪ ነው የምትውዪው። አንድም ቀን 'ሽንት ቤት ጋ አቁምልኝ' ብለሽ አታውቂም!»

አፍሬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። እሱ ከት ብሎ ሳቀ።

እኔ ግን ማሰብ ጀመርኩ...

እውነቱን ነው።

ደግሞም ይጠማኝ ነበር። እየጠጣሁ ይጠማኛል። ምላሴ ላንቃዬ ላይ ይጣበቃል። ቤቴ ገብቼ ደጋግሜ እጠጣለሁ፤ ጥሙ ያው ነው። ሙቀቱ ነው ብዬ ተውኩት። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው።

እንግዲህ ያን ጠዋት በዚህ ሁኔታ ላይ ሆኜ ነው የአክስቴ ወጥ ቤት የገባሁት።

ከቧንቧው መመርመሪያ ብልቃጡ ውስጥ ትንሽ ቀዳሁና የመመርመሪያውን ጠብታ ጨመርኩበት። ሮዝ ሆነ። ሮዝ ከሆነ ጀርም የሚገድለው መድኃኒት በልክ ገብቷል፣ ውሃው ንጹሕ ነው ማለት ነው።

«አየሽ እትዬ? ሮዝ ነው።»

«ቀለም ማንም ይሠራል።»

«እሺ፣ እኔስ? እኔን አታምኚኝም?»

 ወንበሩን ይዛ በዝግታ ተቀመጠች። 

«አንቺ ከጠጣሽ እጠጣለሁ» አለች በመጨረሻ። «ቃሌ ነው። ግን እዚህ፣ ፊቴ።»

ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ! ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞላሁት። ጠጣሁ። ቅዝቃዜው ጥርሴን ሲነካው ተሰማኝ። የመድኃኒቱ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ዋጥኩ... ዋጥኩ... ጨረስኩ። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና አፌን ጠረግኩ።

አክስቴ ትጠብቃለች።

«ጠጪ እንጂ» አለችኝ።

«ጠጣሁ እኮ።»

«የኔ ልጅ...» ድምፅዋ ወደ ሹክሹክታ ወረደ። «ብርጭቆውን እዪው።»

አየሁት።

ሙሉ ነበር። እስከ አፉ።

«አንቺ... ሞልተሽው ነው?»

«ከወንበሬ ተነስቻለሁ?»

አልተነሳችም። መነሻ አቅምም አልነበራትም።

እንደገና አነሳሁት። ውሃው ተርፎ የእጄ አንጓ ላይ ፈሰሰ። ውሃ ነው፤ ያርሳል። አክስቴ ክንዴን ስባ አጠገቧ አንበረከከችኝና ሁለት ጣቶቿን ጉሮሮዬ ላይ አደረገች። ልጅ ሳለሁ ስታመም እንደዚያ ነበር የምትዳብሰኝ።

«በይ ዋጪ።»

ዋጥኩ።

«ዋጪ እንጂ!»

«ዋጥኩ እትዬ... እየዋጥኩ ነው...»

ጣቶቿ ቀዘቀዙ።

«አልተንቀሳቀሰም» አለች። «ጉሮሮሽ አልተንቀሳቀሰም።»

ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው የወጥ ቤቱን ወለል ነው። እግሬ ከድቶኝ ወድቄያለሁ። አክስቴ ደጅ የሚጠብቀኝን ሾፌር ስትጣራ ይሰማኛል። ሁለታችንንም አንድ ላይ ሐኪም ቤት አደረሰን።

ሐኪሙ የእጄን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጎ ለቀቀው። ቆዳው እንደተቆነጠጠ ቀረ።

«ይሄ ሰውነት ውሃ ከቀመሰ ሰንብቷል» አለ። «የት ነው የምትሠሪው?»

«ውሃ ቢሮ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ሌላ ነገር አልጠየቀኝም።

ሁለት አልጋ ጎን ለጎን ሰጡን። ለሁለታችንም ግሉኮስ ታዘዘ። አክስቴ መርፌውን ስታይ ክንዷን ደበቀች።

«የመንግሥት ነው። አልፈልግም።»

ነርሷ ወደ እኔ ዞራ በጆሮዬ አንሾካሾከች። «ዛሬ ካልገባላት ነገን አታይም። አንቺ ለምኛት።»

መለመን አልቻልኩም። ምን ብዬ? ክንዴን ዘረጋሁና «መጀመሪያ ለእኔ» አልኩ።

ነርሷ መርፌውን ክንዴ ላይ ስትሰካው አክስቴ ተመለከተች። ከዚያ የእሷንም ክንድ ዘረጋች።

የእሷ ከረጢት መጉደል ጀመረ። በዓይኔ አየሁት። ከንፈሯ ቀስ በቀስ መልኩን ያዘ።

የእኔን ቀና ብዬ አየሁ።

ጠብ... ጠብ... ይላል። በቀጭኑ ቱቦ ሲወርድ ይታያል።

ከረጢቱ ግን አልጎደለም።

ነርሷ መጣች። በጣቷ መታ መታ አደረገችው። ቱቦውን ፈታች፣ አሰረች። ሌላ ከረጢት ቀየረች። ቆማ ጠበቀች...

ያም አልጎደለም።

ትጮኻለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። እንዲህ ያለ ነገር ስታይ የመጀመሪያዋ አልመሰለኝም። ከመሳቢያ ነጭ ፎጣ አውጥታ ከረጢቱን ሸፈነችው።

«እንዳትነግሪያት» አለች ከንፈሯን ብዙም ሳታንቀሳቅስ። «ካየች ትነቅለዋለች።»

ከወዲያኛው አልጋ የአክስቴ ድምፅ መጣ። እንቅልፍ እየተጫጫናት ነው።

«ያንቺስ ጎደለ?»

ነርሷ አየችኝ።

«ጎደለ፣ እትዬ» አልኩ።

«እሰይ...» አለች። ዓይኗን ጨፈነች።

በማግስቱ አክስቴ በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች። እኔ እዚያው አልጋ ላይ ነኝ፤ የከረጢቴን ፎጣ እስካሁን ማንም አላነሳውም።