ሳይጫን የሚታየው ቮልት

ዝናው ባትሪውን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ እጁ ተንቀጠቀጠ።

ከብዶት ነው እንዳይባል፣ ይህ ልጅ እንዲህ ያሉትን በሁለት እጁ አንጠልጥሎ ከባጃጁ ሲያወርድ የገበያው ሰው ሁሉ አይቶታል። ባለ ሱቁ ሀሚዱም አየ፤ እንዳላየ ሆነና የቮልት መለኪያውን አነሳ። ሐይቅ ከተማ በታጣቂዎች ከተያዘች ወዲህ መብራት የለም። የሶላር ሱቁ በር ላይ ስልክ ሊያስሞላ የተኮለኮለው ሰው ይጋፋል። ኔትወርክ በሌለበት አገር ስልክ ምን ሊያደርግላችሁ ነው ቢላቸው፣ «ለባትሪው ነዋ! በጨለማ እንደናበር?» ይሉታል።

«ስንት ያነባል?» አለ ሀሚዱ።

«አሥራ ሁለት ነጥብ ስምንት።»

«ጭነህ አይተኸዋል?»

ዝናው ወደ በሩ ገልመጥ አለ። «ሙሉ ነው አልኩህ እኮ።»

መልሱ ይህ አልነበረም።

መልሱ «በአምፖል ጭኜ ነው ያየሁት» ነበር። የይለፍ ቃሉን የመረጠው ራሱ ሀሚዱ ነው፤ ሀሚዱ ደግሞ ስሙ አይደለም። የላኩት የጦሩ ሰዎች «ጥላ» ይሉታል። ዝናው «ፊውዝ» ነው፤ በባጃጁ መልእክት የሚያመላልስ። ቃሉ የተወሰደው ከሙያው ነው። የሞተ ባትሪ ዝም ብለህ ስትለካው ቁጥሩ ሙሉ ነው፤ ደህና ይመስላል። አምፖል ስትሰካበት ግን ቮልቱ ቁልቁል ይወርዳል። ስለዚህ ሳይጫን የሚታየውን ቁጥር አትመን።

ረስቶት ይሆን? ወይስ ይዘውታል?

ለማሰብ ፋታ አልነበረም። ቀኑ ዛሬ ነው። ጠዋት በሬዲዮ የሙዚቃ ምርጫ ፕሮግራም አንድ የአምባሰል ዘፈን «ለሐይቅ ልጆች» ተብሎ ተጋብዟል፤ ምልክቱ እሱ ነበር። ሲመሽ ጦሩ ይመጣል። ያኔ ኮረብታው ላይ ያለው የሬዲዮ ማቀባበያ መሞት አለበት። የታጣቂዎቹን ሬዲዮዎች ከጋራ ወዲያና ወዲህ የሚያገናኘው እሱ ነው። ካልሞተ ወንድሞቹ መንገድ ላይ ያልቃሉ። ኮረብታው ግን በጥበቃ የታጠረ ነው፤ የተበላሸ ነገር ከሌለ ባለሙያ አያስወጡም።

ሀሚዱ ጎንበስ አለና እንደ ባትሪ ልጁ ላይም ጭነት ጫነበት።

«ስማ ፊውዝ። ኮረብታው ላይ በቀደም የቀየርኳቸው አራቱ ባትሪዎች የሞቱ ናቸው። ዛሬም ይሁን ነገ ድርግም ይላሉ። ለማንም ትንፍሽ እንዳትል!»

ውሸት ነው። ባትሪዎቹ ምንም አልሆኑም። ልጁ ንጹሕ ከሆነ ወሬው ሆዱ ውስጥ ይቀራል፤ ሌላ መውጫ ይፈለጋል። ከሸጠው ግን ሌላ ባለሙያ የሌለው የታጣቂዎቹ ሻለቃ ራሱ መጥቶ ወደ ኮረብታው እየጎተተ ይወስደዋል። እሱ የሚፈልገው መሄዱን ነው። የሚቀየሩ አራት አዳዲስ ባትሪዎችም መጋረጃው ጀርባ አስቀምጧል። ሁሉን ያሰበበት መስሎት ነበር።

ዝናው ሲወጣ ወደ ኋላ አልተመለከተም።

ከሰዓት በኋላ ሀሚዱ ጤና ጣቢያው ሄደ። ጋሽ አሕመዲን እዚያ ተኝተዋል፤ ዕድሜ ልካቸውን ሐይቁ ላይ ዓሣ ያጠመዱ፣ ማን ነህ ከየት ነህ ሳይሉ ቤት ያከራዩት ሽማግሌ። ሳንባቸው ደክሟል። የሚተነፍሱት በኦክስጅን ማሽን ነው። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ኢንቨርተር፣ ኢንቨርተሩን የሚመግቡት አራት ባትሪዎች፣ ጣሪያው ላይ ያሉት ፓኔሎች፣ ሁሉንም የዘረጋው ሀሚዱ ነው።

«አብሽር ልጄ» አሉት ሽማግሌው፣ የአፍ መሸፈኛውን ገለጥ አድርገው። «ባንተ ፀሐይ እየተነፈስኩ ነው።»

ነርሷ ራዚያ ሳቀች። «እንዲህ አይበሉት ጋሽዬ፣ በኋላ ይኮራብናል።»

የባጃጅ ድምፅ ተሰማ።

ሻለቃው ሽጉጡን በእጁ ይዞ ገባ። ከኋላው ዝናው ቆሟል፤ ዓይኑ መሬት ላይ ነው።

ፊውዙ ተቃጥሏል።

«የሞተ ባትሪ ነው አሉ የሰጠኸኝ» አለ ሻለቃው።

«ሻለቃ፣ ተሳስቼ ይሆናል። ሱቄ ውስጥ አራት አዲስ አሉ፤ አሁኑኑ ልቀይርልዎ።»

«የሱቅህን ሰባብረናቸዋል። አሲዱ ወለልህ ላይ ነው። ካንተ ሱቅ የወጣ ነገር አላምንም።» ዓይኑ በግድግዳው ሥር የተደረደሩት ባትሪዎች ላይ አረፈ። «እነዚህ ግን ሰው እያስተነፈሱ ነው። ደህና ናቸው ማለት ነው። ንቀል!»

ያ ረቢ! ይህን አላሰበውም።

አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ በቂ ነበረች። «የኮረብታዎቹ ደህና ናቸው፤ ጭነው ይዩዋቸው» ቢል ሽማግሌው ይተነፍሳሉ። እሱ ግን እዚያው ይረሸናል። እሱስ ይሙት፤ ሬዲዮው ሳይነካ ያድራል፣ ስንቱ ወጣት አስፋልቱ ላይ ይቀራል። አፉን ከፈተ። መልሶ ገጠመው። የብሎን መፍቻውን አነሳና ከመጀመሪያው ባትሪ ገመዱን ፈታ።

«ሀሚዱ!» ራዚያ ክንዱን ያዘችው። «ምን እያደረግክ ነው? ገመዱን መልስ! ሰውየው እኮ ይሞታሉ!»

ኢንቨርተሩ ጮኸ። ከዚያ ዝም አለ።

«ተይው...» አሉ ጋሽ አሕመዲን እያቃሰቱ። «ልጄን... ተይው። አስገድደውት ነው...»

ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም። ራዚያ ፊቱ ላይ ተፋች። አልጠረገውም፤ ሁለቱም እጆቹ ባትሪ ይዘው ነበር።

ኮረብታው ላይ ነፋስ አለ። ዝናው ባትሪዎቹን እያቀበለው አጠገቡ ተጎነበሰ።

«ወንድሜን ይዘውብኝ ነው» አለ በሹክሹክታ። «አፉ በለኝ።»

ሀሚዱ ባትሪውን ተቀበለው። ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቩን ከኔጋቲቭ አጋጠመ። ሻለቃው ራሱ አምፖሉን ሰክቶ አያቸው፤ ቦግ ብሎ በራ። ሰውየው ሞኝ አይደለም።

የቀረው ቻርጅ ኮንትሮለሩ ነው። ከፓኔሉ የሚመጣውን ኃይል የሚቆጣጠር፣ ባትሪው ሲደክም ደግሞ ጭነቱን የሚያቋርጥ ትንሽ ሳጥን። የሚያቋርጥበት ቮልት አሥራ አንድ አካባቢ ነው። ሀሚዱ በትከሻው ከለል አደረገውና ቁልፉን እየተጫነ ወደ አሥራ ሦስት ከፍ አደረገው። ፀሐይ እስካለች ፓኔሉ ቁጥሩን ከአሥራ ሦስት በላይ ይይዘዋል፤ ሬዲዮው ይሠራል። ፀሐይ ስትጠልቅ ሙሉ ባትሪም ቢሆን ከዚያ ይወርዳል፤ ሳጥኑም ሬዲዮውን ያቋርጠዋል።

«ሠራ» አለ ሀሚዱ።

«እስኪመሽ እዚሁ ትቆያለህ» አለ ሻለቃው። «ድርግም ካለ አብረን እናያለን።»

ተቀመጡ። ሬዲዮው ያወራል። ከታች ሐይቁ ያበራል፤ የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች ጥላቸው እየረዘመ ውኃው ላይ ወደቀ። ሀሚዱ የሚያስበው ስለ አንድ ደረት ነበር። አሁን ይተነፍሱ ይሆን? ራዚያ ሌላ መላ አግኝታ ይሆን? ዓይኑን ከፀሐይዋ ሳይነቅል፣ ቶሎ እንድትጠልቅም፣ ጨርሶ እንዳትጠልቅም ለመነ።

ፀሐይዋ ከአምባሰል ጀርባ ገባች።

ሬዲዮው ተንተባተበ። ዝም አለ።

ከደቡብ በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ ተንከባለለ። ሻለቃው ሽጉጡን መዘዘ።

«ሻለቃ!» ጮኸ ሀሚዱ። «የድሮዎቹን ይዩ! በአምፖል ጭነው ይዩዋቸው! ደህና ነበሩ እኮ! ይሄ ልጅ ነው ደህናውን ያስነቀለዎት!»

ሻለቃው አምፖሉን ከተነቀሉት ባትሪዎች አንዱ ላይ ሰካ።

ቦግ አለ። አልደከመም።

ዞሮ ዝናውን አየው።

«ኧረ እሱ ነው! እሱ ራሱ ነው ሞተዋል ያለኝ!»

እውነቱን ነበር። በዚያ ቀን ኮረብታው ላይ እውነት የተናገረ እሱ ብቻ ነው።

ሀሚዱ ወደ ባሕር ዛፉ ሮጠ። ጥይት ጮኸ። ወደ እሱ አልነበረም።

ከተማዋ ነፃ በወጣች በሳምንቱ፣ ጢሙን የተላጨና ኮፍያ የደፋ ሰው ከከተማው ወጣ ብሎ የደሴ ሚኒባስ ላይ ተሳፈረ። የኋላ ወንበር ጥግ ያዘ። አለቆቹ «ጥላ ሥራውን ጨርሷል» ብለው ሌላ ስም፣ ሌላ ከተማ ሰጥተውታል።

«ያ የሶላሩ ሰውዬስ አልተገኘም?» አለች ፊት ያለችው ሴት።

«የት ይገኛል! ከነሱ ጋር ሄዷል እንጂ» አለች ጎረቤቷ። «ጋሽ አሕመዲን እንደ ልጅ አስጠግተውት! ባትሪውን ነቅሎባቸው ሲሄድ ለመግሪብ ሶላት እንኳ አልደረሱም። ራዚያ እጅ ላይ አለፉ። እስከ መጨረሻው ልጄን እንዳትረግሙት ሲሉ ነበር አሉ።»

«ያን ምስኪን ባለ ባጃጅም ያስገደለው እሱ ነው።»

«እሱው ነው።»

አንዱም ውሸት አልነበረም።

ከሹፌሩ ጀርባ የተቀመጡ ፀጉራቸው የነጣ ሽማግሌ መዳፋቸውን ዘረጉ። «ጋሽ አሕመዲን ባይረግሙትም እኛ እንረግመዋለን። ያ ረቢ፣ የሄደበት አይቅናው! የገባበት ቤት አይሙቀው! ስሙን የሚጠራለት ሰው ይጣ!»

«አሚን!» አለ ሚኒባሱ፣ ማተብ ያሠረውም፣ ሒጃብ የለበሰችውም። ረዳቱም በሩን እንደያዘ «አሚን» አለ።

አጠገቡ ያሉት እናት በክርናቸው ጎሰም አደረጉት። «አንተስ ልጄ? ዱዓ ላይ ዝም ይባላል እንዴ?»

ሰውየው ሁለት እጆቹን ዘረጋ። ጣቶቹን የባትሪ አሲድ በልቷቸው ነበር።

«አሚን» አለ።

ከልቡ ነበር ያለው።