ዝናብ ያልሞላው በርሜል

ሙዓዝን ያገኘው ዓሣ አጥማጁ ኸሚስ ነው። ጎህ ሲቀድ፣ ሐይቁ ዳር ደንገል መካከል በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። የጤና ጣቢያው ባለሙያ «ውሃ ነው የገደለው» አለ። ግን ሙዓዝ ከልጅነቱ ዋናተኛ ነበርና እናቱ ወይዘሮ ዑምኩልሱም ጣታቸውን በሚስቱ በሒክማ ላይ ቀሰሩ።

«ማታ ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። እሷን ጠይቁልኝ!»

ኢንስፔክተር እናትነሽ ስትደርስ ጀናዛው እየታጠበ ነበር። ቀብሩ ከዙህር፣ ከቀትሩ ሰላት በኋላ ነው። እስከዚያ ሌላ ነገር ካልተገኘ ሒክማን ይዛ እንድትመጣ አለቃዋ አዟታል።

አጣቢው ሼህ ኑርዬ እጃቸውን ሳያደርቁ ወጡ። «እህቴ፣ አፉን ሳጸዳ ይኼ ከጥርሱ መሀል ወጣ።»

በጨርቁ ላይ ቀጭን አረንጓዴ ክር ነበር፤ ጤፍ የሚያካክሉ ከረጢቶች ተደርድረውበታል። ለኸሚስ አሳየችው።

«ይህ የሐይቁ ሣር ነው?»

«ወላሂ አይደለም። መረብ ሳጸዳ ነው ያረጀሁት፣ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። ወደ ሙዓዝ ፕላስቲክ ቤት ይሂዱ። ሥጋ የሚበላ ሣር የሚያረባ ሰው ነበር'ኮ! ስንቴ ሳቅንበት፣ አላህ ይማረውና።»

ሙዓዝ ሙያውን የተማረው ጅዳ፣ አንድ ባለጸጋ ግቢ ውስጥ አትክልተኛ ሆኖ ነው። ተክሎቹን የሚያሳድግበትን ፕላስቲክ ቤት የሠራው ከወንድሙ ጋር ከአባታቸው በወረሱት የሐይቅ ዳር መሬት ላይ ነበር። ሒክማ በሩን ከፈተች። ዓይኗ አብጧል።

«በምን ተጨቃጨቃችሁ?»

«በዚሁ መሬት። ወንድሙ ባድሩ ለሽንኩርት ይፈልገዋል። ‹ተውለት፣ ሰላም ይሻላል› አልኩት። ተቆጥቶ ማታ ከመግሪብ ሰላት በኋላ ወደዚህ ወጣ። አልተመለሰም።»

ውስጥ ከቆሙት ሁለት በርሜሎች አጠገብ ያሉት ዝንብ አጥማጅ ተክሎች ቅጠላቸውን እንደ መንጋጋ ገጥመው ነበር። ከበሩ አጠገብ ያሉት ግን ተከፍተዋል።

«እነዚህ ለምን ተዘጉ?»

«ሲነኩ ይዘጋሉ። ዝንብ ከያዙ ሳምንት ይቆያሉ። ባዶ ከሆኑ በማግስቱ መከፈት ይጀምራሉ።»

እናትነሽ አንዱን በክብሪት እንጨት ቀስ አድርጋ ከፈተች። ባዶ ነው። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም።

«ምን ታጠጫቸዋለሽ?»

«የዝናብ ውሃ ብቻ። የሐይቁ ውሃ ጨው አለበት። ማዳበሪያም ይገድላቸዋል፤ ምግባቸውን ከነፍሳት ነው የሚያገኙት። በርሜሎቹን ክረምት ላይ እንሞላና...»

ቃሏን አልጨረሰችም። ወሩ ኅዳር ነው። አንዱ በርሜል ግማሽ ድረስ ጥርት ያለ ውሃ ይዟል። ከረጢታሙ ሣር የሚንሳፈፍበት ሌላኛው ግን እስከ አፉ ሞልቶ ደፍርሷል።

«ማነው ይህን የሞላው?» አለች ሒክማ። እናትነሽ ጎንበስ ብላ አሸተተችው።

ባድሩን የለቅሶ ድንኳን ሲያስተክል አገኘችው። «ኢንስፔክተር፣ ሟች አይቆይም። በሰዓቱ እንቅበረው።»

«ትናንት የት ዋልክ?»

«የት እውላለሁ? ማዳበሪያ በጥብጬ፣ ከፕላስቲክ ቤቱ ጎን ያለውን ሽንኩርቴን በውሃ ሞተርና በቱቦ ሳጠጣ ነው የመሸብኝ።»

«ኸሚስም ሞተሩን ከአንተ ይዋሳል?»

«እሱ ከጀልባው ሌላ ምን ያውቃል! ማንም አይነካብኝም።»

«የወንድምህን ተክሎችስ ታውቃቸዋለህ?»

«ዝንብ የሚበላ ሣር! አባታችን በበሬ ባረሰው መሬት ላይ! አላውቅም፣ ማወቅም አልሻ።»

ዙህር ሲቃረብ እናትነሽ ሁሉንም ድንኳኑ ሥር ሰበሰበቻቸው።

«ሙዓዝ ሐይቁ ውስጥ አልሞተም» አለች። «አፉ ውስጥ የተገኘው ሣር ሐይቁ ላይ የለም፤ በርሜሉ ውስጥ ግን አለ። አጠገቡ ያሉት ተክሎች ባዷቸውን ተዘግተዋል። ማታ እላያቸው ላይ ሰው ታግሏል።»

«ይቺው ናታ!» አሉ እናትየው።

«ይታገሱኝ፣ እማማ። ሰው በርሜል ውስጥ ሲደፈቅ ውሃው ይፈሳል። ገዳዩ ሬሳውን ሐይቁ ዳር ጥሎ፣ የጎደለውን መልሶ ሞላ፤ ለእሱ ሙሉ በርሜል ማለት ያልተነካ በርሜል ነው። ሒክማ ብትሆን ኖሮ እንዳለ ትተወው ነበር። በበጋ በርሜሉ መጉደል እንዳለበት፣ የሐይቅ ውሃም ተክሉን እንደሚገድል ታውቃለች።»

«እኔንም ይጠረጥሩኛል እንዴ?» አለ ኸሚስ ፈራ ብሎ፤ «ባልዲ አለኝ።»

«ባልዲህ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። የበርሜሉ ውሃ የሚሸተው ማዳበሪያ ነው። ትናንት ማዳበሪያ ያለፈበት ቱቦ አንድ ብቻ ነው፤ ባለቤቱም ማንም እንደማይነካበት ነግሮኛል።»

ሁሉም ወደ ባድሩ ዞሩ።

«ራሱን ላቀዘቅዝለት ብዬ ነው» አለ ባድሩ። «‹ለአንተ ሽንኩርት ከምለቅ ለዝንብ እለቃለሁ› አለኝ። ያዝኩት። መታገሉን ሲተው ነው የለቀቅሁት።»

እናትነሽ ካቴናውን አጠለቀችለት። ከውጭ አዛን ተሰማ። ወይዘሮ ዑምኩልሱም እስካሁን ጣት ወደቀሰሩባት ምራታቸው እግር ተንፏቀው ሄዱ።

«ሒክማዬ፣ ሁለት ነበሩኝ። ሟችን መቃብር የሚያወርደው ወንድሙ ነው። ሌላ ወንድ የለኝም... አንቺ ከፈቀድሽለት።»

ሼህ ኑርዬ አንገታቸውን ደፉ። ኢንስፔክተሯም ውሳኔውን ለሒክማ ትታ ወደ እሷ ዞረች።



«ካቴናውን ይፍቱለት» አለች ሒክማ። «በሁለት እጁ ያውርደው።»