የእትዬ ድንቡሼ ፀጉር

ይህ በእውነት የሆነ ነገር ነው። የነገረችኝ ራሷ ዚነት ናት። ሰው አያምነኝም ብላ ዓመት ሙሉ ይዛው ቆይታለች።

ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር። ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት።

የባህል አዳራሹ ኃላፊ ጋሽ ታዲዮስ ካርቶን ታቅፎ ዚነት ፀጉር ቤት ገባ።

"አካም ቡልቴ፣ ዚነት? ይቺን አጥበሽ አበጥሪልኝ። ለኤግዚቢሽን ናት።"

ዊግ ነበር። ከአርባ ዓመት በፊት የከተማው ኪነት ቡድን ለሠራው የሙዚቃ ኮሜዲ የተሰፋ። እትዬ ድንቡሼ የምትባል፣ ባል ፍለጋ የምትንቀዠቀዥ አሮጊት ታደርገው ነበር። ገና ብቅ ስትል አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል አሉ።

ዚነት አጠበችው።

አንዴ... ሁለቴ... አምስቴ።

ቀይ አፈር መውጣቱን አላቆመም።

ጣቶቿን ወደ ውስጥ፣ ፀጉሩ ወደተሰፋበት መረብ ሰደደች።

ይሞቃል...

ትኩሳት እንዳለበት ሰው አናት።

እናቷ ነፊሳ ምሳ ይዛ መጣች። በሩ ላይ ቆመች። ሳህኑን አስቀምጣ ወደ ፀጉሩ ተጠጋች። በስተቀኝ አንዲት ነጭ ዘለላ አለችው።

"የዛህራ ነው" አለች በሹክሹክታ።

ዛህራ የነፊሳ ታላቅ እህት ናት። በድርቁ ጊዜ ለሰፈራ ከወሎ አብረው ተጭነው መጡ። ሰፈራ ጣቢያው ውስጥ ተስቦ ያዛት።

"ቅማል አለባት ብለው ላጯት። ፀጉሩን እናቃጥለዋለን አሉን... በሦስተኛው ቀን ሞተች። የት እንደቀበሯት እንኳ አላሳዩንም።"

ዚነት የኮሜዲውን ነገር ስትነግራት ነፊሳ ዘለላዋን ዳሰሰች።

"ሲስቁበት ኖረዋል?"

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋሽ ታዲዮስ ተመለሰ። ነፊሳ ልቅበረው ብላ ለመነችው።

"እማማ፣ ቅርስ እኮ ነው። ደግሞ ፀጉር ሁሉ ይመሳሰላል" አለ። ነጯን ዘለላ በጣቱ አነሳ። "ሰውን የምታስቀው እቺ ናት።"

ይዞት ሄደ።

ዚነት ግን ከመምጣቱ በፊት፣ ከሥር አንዲት ዘለላ ቆርጣ ደብቃ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ከእናቷ ጋር ወደ ሙስሊሞች መቃብር ሄዱ። ዚነት አንድ ስንዝር የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፈረች። ዘለላዋን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው አስገቡ። ነፊሳ ዱዓ አድርጋ አፈር መመለስ ጀመረች።

አንድ እፍኝ... ሁለት... ሦስት...

አልሞላም።

የወጣው አፈር አለቀ። ከዳር ዳር እየዛቁ ጨመሩ። ከመቃብር ቆፋሪው አካፋ ተዋሱ። በጆንያ እየተሸከሙ አመላለሱ።

የቀትሩ የዙህር አዛን ሲሰማ ዚነት ክንዷ ዝሎ አካፋውን ጣለች።

ነፊሳ ቀና አላለችም። ተንበርክካ፣ በሁለት እጇ አፈር እያፈሰች ትጨምራለች...

ጉድጓዱ አሁንም አንድ ስንዝር ነው።