ፕሮፌ አልበላም አለ

ልቤ የተሰበረው ቾል ማንጎ ሲበላ ያየሁት ቀን ነው።

አትሳቁ! ግንቦት ነበር፤ ጋምቤላ እንደ ድስት የምትፈላበት ወር። ትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተቀምጬ የተማሪ ፈተና አርማለሁ። ቾል ከክፍል ወጣ፤ ፊት ለፊቴ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ ከኪሱ ማንጎ አወጣና በጥርሱ እየላጠ፣ ዓይኔን እያየ ይግጥ ጀመር። ጭማቂው በክርኑ ይወርዳል። ይባስ ብሎ ፈገግ አለና «ላካፍልሽ?» አለኝ።

ወረቀቴን ሰብስቤ ቤቴ ገባሁና አለቀስኩ።

ለማያውቅ ልንገር። እኛ ኑዌሮች ዘንድ ጎረምሳ፣ ሊያገባት በሚችላት ልጃገረድ ፊት አይበላም። ያፍራል። እሷም በእሱ ፊት እህል አትቀምስም። በእናቱ፣ በእህቱ፣ በአክስቱ ፊት ግን እንደ ልቡ ይጎርሳል፤ ከነሱ ጋር ምን እፍረት አለው? ከተማ ገብተን ብዙ ነገር ትተናል፤ ይህን የተዉም አሉ። እኔን ያሳደገችኝ አክስቴ ኛዱዋል ግን አልተወችም፤ እኔም አልተውኩም። ስለዚህ የዚያ ማንጎ ትርጉም ለእኔ ፀሐይ የሞቀው ነገር ነው። «ኛጃል፣ አንቺ እህቴ ነሽ» ማለት ነው።

እህቴ! እኔ እኮ ከመስከረም ጀምሮ በሰውዬው ፍቅር እየነደድኩ ነው።

መስከረም ላይ ዳይሬክተራችን አቶ ኦሞድ ወደ ቢሮ ጠራኝ። አንድ ረጅም ሰው ቆሟል፤ ሸሚዙ በአበባ የተሞላ ነው።

«ቲቸር ኛጃል፣ ይህ ቲቸር ቾል ነው። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍልን ስፓኒሽ ያስተምርልናል። ችግሩ አማርኛው ነው። አንቺ ከኋላ ተቀመጪና ስትፈልጊ አስተርጉሚለት፣ ስትፈልጊ ልጆቹን ተቆጪለት» አለኝ።

እኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ፤ ለስፓኒሽ ምን አገባኝ? ደሜ ፈላ። ክፍል ስንገባ ግን ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ።

የቾል አባት በደርግ ጊዜ ከኢታንግ የስደተኞች ካምፕ ወደ ኩባ ተልከው ከተማሩት ልጆች አንዱ ነበር። እዚያው ተምሮ፣ እዚያው አግብቶ፣ እዚያው ወለደው። አባቱ ሲሞት ቾል «የአባቴን ሰዎች ልይ» ብሎ መጣ፤ ይኸው ጋምቤላ ቀረ። ኑዌርኛው የድሮ ሽማግሌ ኑዌርኛ ነው። አማርኛውን የለመደው ደግሞ ከባጃጅ ሾፌሮች ነው። የመጀመሪያ ቀን ክፍል ገብቶ፣ ተማሪዎቹን ዞር ብሎ አየና «እሺ፣ ሞልቷል! እንሂድ!» ብሎ ትምህርት ጀመረ።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ። እሱ ምን እንዳሳቀን ሳይገባው አብሮን ሳቀ።

ከዚያ በኋላማ ምን ልበላችሁ! «ዮ ሶይ! ቱ ኤሬስ! እኔ ነኝ! አንተ ነህ!» እያለ ግስ በጭብጨባ ያስረባል። ልጆቹ ጠረጴዛ ይደበድባሉ። አንድ ቀን በስፓኒሽ ዕቃ ሁሉ ወንድና ሴት እንደሆነ ሲያስረዳ፣ መጽሐፍ ወንድ ነው፣ ጠረጴዛ ሴት ናት አለ። ኛኮንግ የምትባል የሰባተኛ ክፍል ልጅ ወዲያው እጇን አወጣች።

«ፕሮፌ፣ ጠረጴዛዋ ባል አላት?»

ፕሮፌ የሚሉት በስፓኒሽ አስተማሪን ሲያቆላምጡ ነው። ቾል ጠረጴዛዋን በእጁ ዳበሳትና «ገና ናት፤ እየጠበቀች ነው» አለ። ይህን ሲል ቀና ብሎ ወደ ኋላ፣ ወደ እኔ ተመለከተ። ምን አስቦ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ግን ጌታ ይይልኝ፣ የማደርገው ጠፋኝ። ያልወደቀ እስክሪብቶ ላነሳ ጎንበስ አልኩ።

የእኛ ክፍል አኙዋኩም ኑዌሩም ደገኛውም የተቀላቀለበት ነው። በአማርኛ ሲሆን አንዱ በሌላው አነጋገር ይስቃል። በስፓኒሽ ግን ሁሉም ጀማሪ ነው፤ ማን በማን ይስቃል? ከገና በኋላ ገበያ ውስጥ ሳይቀር ልጆቹ «ኦላ! ኬ ታል?» እያሉ በስፓኒሽ ሰላም እየተባባሉ መንገዱን ያውኩት ጀመር። አሳ ሻጮቹ ሳይቀሩ «ኦላ» ማለት ለመዱ። እኔም ቤት ውስጥ ሳህን እያጠብኩ ግስ አረባለሁ። አክስቴ ኛዱዋል «ይቺ ልጅ ምን ነካት?» ትላለች።

አርብ አርብ ደግሞ የባህል ቀን ነው። ከስልኩ ሙዚቃ ይከፍታል፤ የኩባ ጭፈራ ያሳያል፤ ከቤቱ ሩዝና ቦሎቄ አብስሎ፣ ሙዝ ጠብሶ ያመጣል። ወንዶቹ ሳህናቸውን ይዘው ወደ በረንዳ ይወጣሉ፣ ሴቶቹ ጥግ ይይዛሉ። እሱ ሙቀቱ ነው የሚያስወጣቸው ይመስለዋል። የመጀመሪያውን ሳህን ሁልጊዜ ለእኔ ያመጣል።

«ለአንቺ ነው። በራሴ እጅ ነው የሠራሁት።»

«አመሰግናለሁ፣ አልበላም።»

ይህን ብዬ እወጣለሁ። በእሱ ፊት እንዴት ልብላ? ሽታው እኮ አንጀቴን ያላውሰዋል! ስወጣ ፊቱ ሲጠቁር አያለሁ። ለምን እንደከፋው ግን ለአንድ ቀን እንኳ አስቤው አላውቅም። አለመብላቴን ያየ ኑዌር ሁሉ ነገሩ ይገባዋል ብዬ ነዋ! እሱም ደግሞ የሚበላው ልጆቹ ከወጡ በኋላ ስለነበር፣ እስከዚያ የማንጎ ቀን ሲበላ አይቼው አላውቅም። እኔ ሞኟ ስለሚያፍረኝ ነው እያልኩ በልቤ ሰርግ ስደግስ ከርሜያለሁ።

የማንጎውን ነገር ለአክስቴ ስነግራት ሥራዋን አቁማ ራሷን ነቀነቀች።

«ፊት ለፊትሽ?»

«ፊት ለፊቴ።»

«እያየሽ?»

«ዓይኔን እያየ፣ አክስቴ! ላካፍልሽም ብሎኛል!»

«ወይ ልጄ» አለች፤ «በቃ፣ እህት አድርጎሻል። ልብሽን ሰብስቢ።»

ልብ እንደ ልብስ የሚሰበሰብ ይመስል! በማግስቱ የአስተማሪዎች ስብሰባ ነበር። አቶ ኦሞድ፣ ራቅ ያለችው የማታር ከተማ የእንግሊዝኛ አስተማሪ እንደቸገራት፣ ሁለት ዓመት እዚያ የሚሠራ ሰው እንደሚፈለግ ተናገረ። አጠገቤ የተቀመጠው፣ ሒሳብም እንግሊዝኛም የሚያስተምረው ኩዋኒ አፉን ሊከፍት ሲል እጄ ቀድሞት ወጣ። እኔ ስናደድ እጄ ከጭንቅላቴ ይፈጥናል።

«ቲቸር ኛጃል? እርግጠኛ ነሽ? መኪናው በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው የሚሄደው።»

«እርግጠኛ ነኝ» አልኩ። ቾል ስብሰባው ላይ አልነበረም። ባይሰማ ይሻላል አልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ የእኔ ግን ፈሶ የሚለቀምም አልመሰለኝም። ሻንጣዬን አወጣሁ።

ሳምንቱ አለቀ። ሐሙስ ዕለት ለመጨረሻ ጊዜ ከኋላ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። አርብ የስፓኒሽ ቀን ነበር፤ ወላጆች ይመጣሉ፤ ልጆቹ ይዘምራሉ፤ ግብዣ አለ። ቾል ሰሌዳው ላይ አንድ ቃል ጻፈ።

«ሶብሬሜሳ» አለ። «የእናቴ አገር ሰዎች ምግብ ሲያልቅ ከጠረጴዛ አይነሱም። ይቀመጣሉ፣ ያወራሉ፣ ይስቃሉ። ይህ ነው ሶብሬሜሳ። ነገ እኛም እንደዚያ ነው የምንበላው። በረንዳ የለም! ወንድና ሴት ፊት ለፊት!»

ክፍሉ ተናወጠ። ሴቶቹ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ወንዶቹ «አይሆንም!» እያሉ ጮኹ። ኛኮንግ ብድግ አለች።

«ፕሮፌ፣ ወንድ ልጅ በሴት ልጅ ፊት አይበላም።»

«ለምን?»

«ያፍራታላ!»

«ማንን ነው የሚያፍረው?»

«ሊያገባት የሚችላትን ነዋ! ያለ እፍረት የሚበላው በእህቱ ፊት ነው። ሴቷም እንደዚያው ናት።»

«እውነቷን ነው፣ ፕሮፌ» አለች አቻን እየሳቀች፤ አቻን አኙዋክ ናት። «እነዚህ ኑዌሮች እንዲህ ናቸው።»

ቾል ጠመኔውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ቀስ ብሎ ዞረና እኔን ተመለከተኝ። ሙሉ ክፍሉ አብሮት ዞረ።

«ቲቸር ኛጃል... አንቺም... አርብ አርብ የማትበይው...»

አልጨረሰውም። ልጆቹ «ኡኡኡ!» አሉ። ፊቴ ነደደ። ከክፍሉ ወጥቼ በሩጫ በሚባል እርምጃ ግቢውን ለቀቅሁ። ለምን እንደማልበላ አሁን አውቋል፤ ፍቅሬ አደባባይ ወጣ፤ እሱ ግን ማንጎውን በልቷል! ወጉን ሳያውቅ በልቶት ይሆን ብዬ እንኳ አላሰብኩም። ማታር በዚያው ቀን ብሄድ በወደድኩ።

አርብ ባልሄድ ደስ ባለኝ፤ ግን ከልጆቹ በዓል እንዴት እቀራለሁ? አክስቴን ይዤ ሄድኩ። ግቢው በሰው ሞልቷል። ልጆቹ በስፓኒሽ ሲዘምሩ፣ ሲጨፍሩ፣ ወላጆች አንድ ቃል ሳይገባቸው ያጨበጭባሉ። እኔም ሐዘኔን ረስቼ እስኪያልበኝ አጨበጨብኩ። ያቺ ኛኮንግ ስለ ባሮ ወንዝ በስፓኒሽ ስትናገር ዓይኔ እንባ አቀረረ። እኛ ያስተማርናት ልጅ ናት እኮ!

ከዚያ ምግብ ቀረበ። ቾል ጠረጴዛዎቹን ገጥሞ አንድ ረጅም ገበታ አድርጎታል። ከንጋት ጀምሮ ሲያበስል ነው የዋለው። ሩዙ፣ ቦሎቄው፣ የባሮ አሳ በሎሚ፣ የተጠበሰው ሙዝ። መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። አሁን ደግሞ ሊበላ ነው አልኩ፤ በሕዝብ ፊት እህቴ ሊለኝ ነው።

ሳህኑ ተሞላ። ቾል ግን እጆቹን ጭኑ ላይ አደረገ።

«ፕሮፌ፣ ብላ እንጂ!» አሉት ልጆቹ።

«አልበላም።»

«እንዴ! ሶብሬሜሳ ያልከው አንተ ነህ!»

«እናንተ ብሉ። እኔ አልበላም።»

ሆዱ ጮኸ። ምዬ ልናገር፣ እስከ እኔ ድረስ ተሰማ። «ፕሮፌ፣ ቲዬኔ አምብሬ?» አለው አንዱ፤ ርቦሃል ወይ ማለቱ ነው። «ኖ!» አለ ቾል። ሆዱ ደግሞ ጮኸ። ገበታው በሳቅ ተንጫጫ። አቶ ኦሞድ ደንግጦ ከአሳው ትልቅ ጉርሻ ቆረሰና ዞሮ መጣ።

«አብስሎ የማይበላ ሰው አይቼ አላውቅም! እንካ፤ ጉርሻ አይመለስም።»

ቾል አፉን ግጥም አድርጎ ዘጋ። ጉርሻው ወደ ግራ ሲመጣ ፊቱን ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ ሲመጣ ወደ ግራ። ዓይኑን ግን ከእኔ ላይ አልነቀለም። አክስቴ ከጠረጴዛው ሥር እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«ኛጃል! አልበላም አለ እኮ!» አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

«አይቻለሁ፣ አክስቴ። አይቻለሁ!»

አቶ ኦሞድ ተስፋ ቆርጦ ጉርሻውን ራሱ ጎረሰውና ወደ እኔ ዞረ። «ተዪው ይህን ሰው። አንቺስ፣ ሻንጣሽ ተዘጋጀ? መኪናው ነገ ጠዋት ነው።»

ቾል ብድግ ሲል ወንበሩ ወደቀ።

«የት ነው የምትሄጂው?»

«ማታር።»

«ለስንት ቀን?»

«ለሁለት ዓመት።»

ዓይን ለዓይን ተያየን። እንዲህ ተያይተን አናውቅም። ከወንበሬ ተነሳሁ።

«ለምንድን ነው የማትበላው?» አልኩት።

«ታውቂያለሽ።»

«አላውቅም። ንገረኝ።» ዋሸሁ። በአፉ ሲናገረው መስማት አምሮኝ ነው።

ቾል በአባቱ ኑዌርኛ ሊጀምር አፉን ከፈተና ተወው። ሁሉም በሚሰማው፣ በዚያ በባጃጅ ሾፌር አማርኛው ተናገረ።

«አላወቅኩም ነበር። ማንም አልነገረኝም። አንቺ የእኔን እጅ ምግብ የምትጠየፊ መስሎኝ በየሳምንቱ ጨው ስቀንስ፣ ጨው ስጨምር ነበር። አሁን ገባኝ። ኛጃል፣ አንቺ እህቴ አይደለሽም። በፍጹም አይደለሽም። እኔ እህት አልፈልግም!»

እልልታውን ያቀለጠችው አክስቴ ናት። ልጆቹ ጠረጴዛውን እንደ ግስ ትምህርት ይደበድቡት ጀመር። ኩዋኒ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል ሁለት እጁን አውጥቶ ይጮሃል።

«አቶ ኦሞድ! ማታር እኔን ላከኝ! ሚስቴ እዚያ ናት፤ የዚያን ዕለትም ልናገር ስል ይቺ ልጅ ቀደመችኝ!»

«ታዲያ ሳምንቱን ሙሉ ምን ዘጋህ?» አለው አቶ ኦሞድ።

«ኛጃል ስትቆጣ ማን ይናገራታል?»

«በል ሂድ፣ ሂድ!» አለ ዳይሬክተራችን እየሳቀ። አክስቴ በበኩሏ ከአሁኑ ለቾል ሽማግሌ የሚሆኑለትን ሰዎች በስም እየጠራች ነው።

እኔ ግን የማየው ቾልን ብቻ ነው። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። ከንጋት ጀምሮ ምድጃ ሲያነድ ውሎ እህል አልቀመሰም። ሆዱ ለሦስተኛ ጊዜ ጮኸ። አሳዘነኝ፤ እንዴት እንደወደድኩት!

«እኔ ከገበታው ልሂድልህ» አልኩት ጠጋ ብዬ፤ «አንተ ብላ። ርቦሃል።»

«አትሂጂ» አለኝ። «ረሃቡን እችለዋለሁ።»