ሰባት ቁጥር ውጭ ነው

አንተ ከነገ ጀምሮ ብትጠፋ፣ መጥፋትህን መጀመሪያ የሚያውቀው ማነው? ስም ጥራ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ዋሻ ውስጥ የሌሊት ወፍ ሲቆጥር የኖረ ሰው ማክሰኞ ጠዋት ገብቶ ሐሙስ ጠዋት ሬሳው ተገኘ። በመካከሉ «የት ሄደ?» ያለ አንድም ሰው የለም። ቢሮው አልጠየቀም። ከዋሻው ሁለት መቶ እርምጃ ርቃ ለፓርኩ ጎብኚዎች ትኬት የምትቆርጠው እህቱ እንኳ አልጠየቀችም።

መርማሪዋ ሐሙስ ከሰዓት ደረሰች። አጭር፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ሰው ሲያናግራት ከፊቱ ይልቅ እጁን የምታይ ሴት ናት። ከነጩ የኖራ ድንጋይ ገደል ሥር ቆመች። ገደሉ ላይ የተደረደሩት ዝንጀሮዎች አይተዋት ፊታቸውን አዞሩ።

ሬሳው የተገኘው ዋሻው ውስጥ፣ የሌሊት ወፎቹ ከሚወጡበት ቀዳዳ ሥር ነው። የሟቹ ጥፍሮች ተሰባብረዋል፤ የእጅ ባትሪው አልቋል።

«ድንጋዩን ቧጥጦ ሊወጣ ሲል ወድቋል» አለ ሐኪሙ። «ረቡዕ ማታ ይመስለኛል።»

«ረቡዕ ቀን በሕይወት ነበር ማለት ነው?»

«ነበር።»



የዋሻው የብረት በር ተቆልፎ ስለነበር ፖሊሶቹ ሽማግሌውን በረኛ ይዘውታል። ክሱ፣ በቸልተኝነት ሰው መግደል። እዚህ አገር ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የሚታሰረው ቁልፍ ያዡ ነው፤ ትእዛዝ ሰጪው ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው።

«አባቴ፣ ውስጥ ሰው እያለ ለምን ቆለፉ?»

«የለም ብዬ ነዋ፣ ልጄ። ሰሌዳውን አይቼ ነው የቆለፍኩት።»

ሰሌዳው በሩ አጠገብ ተሰቅሏል። ሠራተኛ ሁሉ ቁጥር ያለው የቆርቆሮ ታርጋ አለው፤ ሲገባ በላይኛው ረድፍ ይሰቅለዋል፣ ሲወጣ ወደ ታችኛው ያወርደዋል።

«ማክሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የላይኛው ረድፍ ባዶ ነበር» አለ በረኛው። «ዓይኔ ቢደክምም ባዶ አይጠፋኝም።»

«ከበሩ አልተነሱም?»

«አንዴ። አሥር ሰዓት ላይ ኃላፊው በስልክ ጠሩኝ። ቢሮ ብደርስ የሉም። ጠብቄ ጠብቄ ተመለስኩ።» እጁን ዘረጋ፤ ከመዳፉ እስከ ጣቱ ጫፍ ጥቁር ነው። «አልጨብጥሽም፣ ልጄ። የበሩ ማጠፊያ ግራሶ ነው። ውሃ ደግሞ የለም።»

እውነቱን ነው። በዚያ አገር ዝናቡ እንደወረደ በድንጋዩ ስንጥቅ ሰርጎ ይጠፋል። ወንዙ ከእግር በታች፣ ሰው በማይደርስበት ጥልቀት ሲያጉረመርም ይሰማል እንጂ ከላይ ጠብታ አይገኝም። ቦቴው በሳምንት አንዴ የሚያመጣው ውሃ የሚቀመጠው በኃላፊው ግቢ፣ በተቆለፈ በርሜል ነው። ሠራተኛው ለመጠጥ አንድ አንድ ጀሪካን ይሰፈርለታል።

አስጎብኚው ቀልደኛ ነው። እጁ እስከ ክርኑ በደረቀ ነጭ የዋሻ ጭቃ ተለስኗል።

«ማክሰኞ አሥራ ሁለት ጎብኚ አስገብቼ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይዣቸው ወጣሁ። አሥራ ሁለቱም ‹የሌሊት ወፍ ፀጉር ውስጥ ይገባል ወይ?› ብለው ጠየቁኝ። መላጣው ሳይቀር።»

«ሟቹን አየኸው?»

«ታችኛው አዳራሽ ነበር። ሰላም ስለው በጣቱ ዝም አሰኘኝ፤ ቆጠራ ላይ ነበራ።» ፈገግታው ጠፋ። «አሥር ዓመት አብረን ስንሠራ ያወራነው ቢደመር አንድ ሰዓት አይሞላም። የሚያጫውተው ታርጋዎቹን ነበር፤ ሰኞ ሰኞ የሁላችንንም በአሸዋ ፈትጎ ያብለጨልጫቸዋል።»

እህቱ ትኬት ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣለች። ጣቶቿ በማኅተም ቀለም ወይን ጠጅ ሆነዋል።

«ከወንድምሽ ጋር ተኳርፋችኋል አሉኝ። ለምን?»

«እናታችን ስትቀበር አልመጣም። ወፎቹ የሚወልዱበት ወቅት ነው፣ ቆጠራ አይቋረጥም አለ። አራት ዓመት ሆነ።» የማኅተሙን ክዳን ከፈተች፣ ዘጋች። «በመስኮቱ ሲያልፍ ግን ኮቱን አያለሁ። ረቡዕ አላለፈም። አለማለፉን አይቻለሁ።»

«አልጠየቅሽም?»

«ምን ብዬ? ተኳርፈን የለ?»

የፓርኩ ኃላፊ ከተሾመ ስምንት ወሩ ነው። መርማሪዋን በብርጭቆ ውሃ ተቀበላት፤ በዚያን ዕለት ያየችው የመጀመሪያ ውሃ ነው።

«ማክሰኞ ራሴን አሞኝ ቤቴ ነበርኩ» አላት። «ዋሻው ጋ አልሄድም። እኔ የቢሮ ሰው ነኝ።»

ዓርብ ጠዋት ሁሉንም ዋሻው በር ላይ ሰበሰበቻቸው። በረኛው በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆሟል።

«ሰባት ቁጥር የሟቹ ነው» አለች ወደ ሰሌዳው እያመለከተች። «ሰውየው ውስጥ ነበር፣ ታርጋው ግን ‹ውጭ› ላይ ነው። እሱ አላወረደውም፤ ከዋሻ የወጣ ሰው የነካው ታርጋ እንደ አስጎብኚው ታርጋ በነጭ ጭቃ ይለሰናል። ይሄ ሰኞ እንደተፈተገ ያብለጨልጫል። አስጎብኚውም አልነካውም። በረኛው ቢነካው ግራሶ፣ እህቱ ብትነካው የማኅተም ቀለም ይገኝበት ነበር።»

«ይሄ ማስረጃ ነው?» አለ ኃላፊው። «ማንም ሰው እጁን ሊታጠብ ይችላል።»

«በየትኛው ውሃ?»

አስጎብኚው በአፍንጫው ሳቀ።

«ሌላም አለ። የወጡ ሠራተኞች ታርጋቸውን ቁጥሩን ወደ ግድግዳ አዙረው ይሰቅላሉ፤ የሽማግሌው ዓይን እንዳይምታታ የጀመሩት ልማድ ነው። የትም አልተጻፈም። ዋሻው ጋ የሚሠራ ሁሉ ያውቃል። ሰባት ቁጥር ግን ፊቱ ወደ እኛ ነው። የሰቀለው እጁ ንጹሕ የሆነ፣ ልማዱን የማያውቅ፣ በረኛውንም አሥር ሰዓት ላይ ከበሩ ሊያስነሳ የሚችል ሰው ነው።» ወደ ኃላፊው ዞራ ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። «ይህን ትናንት ከጠረጴዛዎ ላይ አገኘሁት። ሟቹ ለጎብኚዎች ተብሎ ዋሻው ውስጥ የሚዘረጋው አዲስ መብራት ወፎቹን እየጨረሰ ነው ብሎ ፓርኩን ለሚያስተዳድረው መምሪያ ሦስት ጊዜ ጽፏል። በሦስተኛው ደብዳቤ ጠርዝ ላይ ‹ይህ ሰው ረቡዕ መብራቱን በሚያጸድቀው ኮሚቴ ፊት እንዳይቀርብ ይደረግ› የሚል ትእዛዝ አለ።»

ኃላፊው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«አንድ ሌሊት ብቻ ነበር ያሰብኩት። ረቡዕ ዋሻውን ለሠራተኛም ለጎብኚም ዘግቼ ስለነበር ከስብሰባው በኋላ ራሴ ልከፍትለት ነበር።»

«ለምን አልከፈቱም?»

«እንግዶች ስሸኝ…» ድምፁ ወረደ። «ረሳሁት።»

ፖሊሶቹ ሽማግሌውን ለቀው ኃላፊውን ያዙት። ነገሩ በዚህ አለቀ የሚል ካለ ተሳስቷል። እህቱ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችው።

«ይህን የፈረመው ማነው?»

«የመምሪያው ዋና ኃላፊ» አለች መርማሪዋ። «ነገ መብራቱን ሊመርቅ ይመጣል።»

«ይምጣ» አለች እህቱ። «ሪባኑን ከመቁረጡ በፊት ድምፅ ማጉያውን ይያዝና፣ ወንድሜ ምን እንዳይናገር ፈርቶ እንደፈረመ፣ እዚህ ሰው ሁሉ ፊት ቆሞ ይመልስልኝ።»